ተራራ ላይ ከጓደኞቻችሁ ብትለያዩስ? ከባሕር ዳር ለሚነሱ ተጓዦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ተከራይቶ ከባሕር ዳር ወደ ጉና፣ ወደ ጮቄ ወይም ወደ ስሜን የሚነሳ ቡድን ውስጥ ሁሌም አንድ የሚጠይቅ ሰው አለ። «ብጠፋስ?» ይላል። ሌላው ይስቃል፤ መልስ የሚሰጠው ግን የለም። እነዚህ ጥያቄዎች መኪና ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ አንዳንዴም ከጉዞ መልስ በቁጣ የሚነሱ ናቸው። ከመነሳታችሁ በፊት የምትሄዱበትን አካባቢ የጸጥታ ሁኔታ ከወረዳው ሰዎች አጣሩ። ያ ካልተጣራ የቀረው ሁሉ ትርጉም የለውም።

አብሮ የሄደ ሰው እንዴት ብሎ ይጠፋል?

በአብዛኛው በይሉኝታ ነው። ከፊት ያሉት ሁለት ሦስት ጉልበተኞች ይፈተለካሉ። ከኋላ ያለው ትንፋሽ ያጥረዋል። «ቆዩኝ» ማለት ግን ይከብደዋል። «እናንተ ቀጥሉ፣ እደርስባችኋለሁ» ይላል። እነሱም ይቀጥላሉ። አንድ ዳገት ካለፈ በኋላ ድምፅም አይሰማም፣ ሰውም አይታይም።

ሁለተኛው ምክንያት ሽንት ነው። ማንም ጮክ ብሎ መናገር አይፈልግም። በተለይ ሴቶች ከመንገዱ ራቅ ብለው መሄድ ስላለባቸው ሲመለሱ ቡድኑ ሄዷል። ሌላው ፎቶ ነው፤ የጫማ ክርም አለ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ፊቱ ያለው የከብት መንገድ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። ሦስቱም የሰው ዱካ አለባቸው።

ባሕር ዳርም ታታልለናለች። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ በብስክሌት ዳር እስከ ዳር ትሄዱባታላችሁ። ጣና ዳር ማለዳ ማለዳ የሚሮጥ ሰው ራሱን እንደ ብርቱ ቢቆጥር አይፈረድበትም። ግን የሚሮጠው 1,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። የጉና አናት ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ ሁሉም እኩል አይራመድም። ቡድን የሚበተነውም በዚሁ የእርምጃ ልዩነት ነው።

መለየቴን እንዳወቅሁ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቁሙ። ከዚያ ተቀመጡ። ውሃ ጠጡ፣ ያላችሁን ነገር ቅመሱ፣ ሰዓታችሁን እዩ። ድንጋጤ የመጣ ጊዜ እግር ከጭንቅላት ይቀድማልና መቀመጡ እሱን ለመያዝ ነው።

ቀጥሎ ድምፅ አሰሙ። ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ብዙ ሰው ይጮሃል እንጂ አያዳምጥም። መልስ እየመጣለት በራሱ ጩኸት ይሸፍነዋል። በተራራ ላይ ድምፅ ይጋጫል፤ ከማዶ ገደል ተመልሶ ስለሚመጣ አቅጣጫው ያሳስታል። ስለዚህ በሰማችሁት ድምፅ ተንደርድራችሁ አትሂዱ። ደግማችሁ ጠርታችሁ፣ ደግማችሁ ሰምታችሁ እርግጠኛ ሁኑ።

ቆሜ ልጠብቅ ወይስ መንገዱን ልፈልግ?

ጠብቁ። ይህን ምክር ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚያደርገው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱም መቆም ሽንፈት ይመስላል።

በ2009 እ.አ.አ. በጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን በጫካና በሰሃራ በረሃ ቀጥ ብለው እንዲሄዱ አድርገው በጂፒኤስ ተከታትለዋቸዋል። ፀሐይ የሚያዩት ሰዎች ቀጥ ብለው ሄዱ። በጫካው ውስጥ ሰማዩ ደመና በሆነባቸው ጊዜ ግን ቀጥ ብለን እየሄድን ነው እያሉ ክብ ሠርተው የራሳቸውን መንገድ አቋረጡ። አንዳንዶቹ ይህን ሳያውቁት ነው ያደረጉት። አሁን ጉና ላይ ከሰዓት በኋላ የሚወርደውን ጭጋግ አስቡት። በጓሳው መሃል ሁለት ሜትር ፊታችሁ ያለው ነገር ሳይታይ «በዚህ ነው የመጣነው» ብሎ መነሳት ማለት ይኸው ነው።

አንድ የምፈቅደው ነገር አለ። የመጡበት መንገድ በግልጽ የሚታይ ከሆነ፣ የመጨረሻ አብራችሁ ወደነበራችሁበት ቦታ መመለስ ይቻላል። የምላችሁ ወደኋላ ነው፤ ወደፊት ወይም በአቋራጭ አላልኩም። ፈላጊዎቻችሁም መጀመሪያ የሚመለሱት እዚያው ነው። ስትነሱ ግን ምልክት ተዉ። ሦስት ድንጋይ ደርድሩ፤ ከጎኑም የምትሄዱበትን አቅጣጫ የሚያሳይ ዱላ አስተኙ።

መቆም የሌለባችሁ ቦታም አለ፦ የገደል ጫፍ፣ ደረቅ የሚመስል የጎርፍ መውረጃ፣ ነጎድጓድ ሲመጣ ደግሞ ሸንተረር ላይና ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር። ከዚያ ዞር በሉ። ሌላ ልዩ ሁኔታ ደግሞ መሄዳችሁን ማንም የማያውቅ ከሆነ ነው። ያኔ የሚፈልጋችሁ የለምና ቆሞ መጠበቁ ብቻውን አያዋጣም። እንዲህ ያለ ጉዞ ግን መጀመሪያውኑ አትውጡ።

ውሃ ተከትዬ ብወርድስ? ሁሉም ውሃ ጣና ይገባ የለ?

አይገባም። ጉና ውሃውን የሚያከፋፍል ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ከዚያ ተነስተው ጣና ይገባሉ። በሌላው ጎን የሚወርደው ደግሞ ወደ ተከዜ ነው። በተሳሳተው ጎን ከወረዳችሁ ሚኒባሱ ያለው ከተራራው ወዲያ ነው።

ከዚያ የሚብሰው ግን የአገራችን መሬት አቀማመጥ ነው። የእኛ ወንዝ ቀስ እያለ አይወርድም። ሜዳ ሜዳውን ሄዶ ሄዶ በድንገት ገደል ይገባል። ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም፤ ከ40 ሜትር በላይ ነው የሚወድቀው። ተራራ ላይ ያሉት ትንንሾቹም በልካቸው እንደዚያው ናቸው። ውሃ ተከትሎ የወረደ ሰው ፏፏቴ አናት ላይ ይደርሳል። መውረድ አይችልም፤ መውጣትም አቅቶታል። ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ የለም፣ ፀሐይ ቶሎ ይጠልቃል፣ የውሃው ድምፅ ደግሞ ጩኸታችሁን ይውጠዋል።

ታዲያ ሰው ያለበትን በምን አውቃለሁ?

በዛፉ። ጅባራና ጓሳ ካያችሁ ገና ላይ ናችሁ። አስታ ሲበዛ ትንሽ ወርዳችኋል። የገብስ ማሳ ካያችሁ ባለቤቱ ሩቅ አይደለም። ባሕር ዛፍ ካያችሁ ቤት አለ ማለት ነው። በዙሪያው ያለው ሁሉ ተመንጥሮ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጥቅጥቅ ያለ የጥድና የወይራ ዛፍ ከቆመ ደግሞ ያ ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ቄስ ወይም የቆሎ ተማሪ አይጠፋም። እኔ ብሆን ከየትኛውም ምልክት በፊት የማየው እሱን ነው። ከሩቅ ይታያል፣ በጠራ መንገድ ይደረሳል፣ ደወልም አለው።

በፀሐይ አቅጣጫ ማወቅ ይቻላል?

ጠዋትና ማታ አዎ። እኩለ ቀን ላይ ግን ተዉት። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ቪዲዮዎች «ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት» ይላሉ። ያ ለአውሮፓ ነው። በእኛ አካባቢ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት።

ስልኬ ኔትወርክ የለውም። ምን ልጠቀምበት?

በመጀመሪያ ቻርጁን አድኑ። ብርድ ባትሪ ይበላል፤ ስለዚህ ስልኩን ከውስጥ ልብሳችሁ አስገቡት። የሞባይል ዳታውን አጥፉ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ። ስልክ ኔትወርክ ባጣ ቁጥር ሲፈልግ ይውላል፤ ባትሪውም በዚያው ያልቃል። ፍላይት ሞድ አድርጉትና በየግማሽ ሰዓቱ ክፈቱት። ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ካርታውን ባሕር ዳር ሳላችሁ ዳውንሎድ ካደረጋችሁ ያላችሁበትን ነጥብ ያሳያችኋል።

ከመደወል ይልቅ ቴክስት ላኩ። አንድ መስመር ኔትወርክ ለድምፅ ባይበቃም ለመልእክት ይበቃል። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳላችሁ፣ ምን እንደሚታያችሁ፣ ተጎድታችሁ እንደሆን፣ አለመንቀሳቀሳችሁ። «ጠፍቻለሁ እባካችሁ ድረሱልኝ» የሚል መልእክት ያስለቅሳል እንጂ ለፈላጊ አይጠቅምም። «በ8 ሰዓት ከተቀመጥንበት ትልቅ ድንጋይ በላይ ነኝ፣ ከታች በስተግራ ቤተ ክርስቲያን ይታየኛል፣ አልተጎዳሁም፣ አልንቀሳቀስም» የሚለው ግን ሰው ያደርሳል።

ለቡድኑ ደግሞ፦ አስራ ምናምን ሰው በአንድ ጊዜ አትደውሉለት። የተለየው ሰው ባትሪ የሚያልቀው «የት ነህ?» እያላችሁ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይደውል።

ፊሽካ ይሻላል ወይስ ጩኸት?

ፊሽካ። ጉሮሮ ቶሎ ይዘጋል፤ ፊሽካ ትንፋሽ ካለ ይሠራል። በተራራ ተጓዦች ዘንድ የታወቀው የድረሱልኝ ምልክት በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ መንፋት፣ አንድ ደቂቃ ማረፍ፣ ከዚያ መድገም ነው። የሰማው በደቂቃ 3 ጊዜ በመንፋት ይመልሳል። ማታ በእጅ ባትሪ ብልጭታም በዚሁ ቁጥር ይደረጋል።

የአገሬው ሰው ግን ይህን ቁጥር ላያውቅ ይችላል። እሱ የሚያውቀው ኡኡታን ነው። «ኡኡ!» ያለ ሰው ካለ የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ስለዚህ ለቀልድ እንዳትሞክሩት። የምር ከተጎዳችሁ ግን አትፈሩ፣ ኡኡ በሉ። ማፈሩ ቢቀር ይሻላል።

እረኛ ወይም ገበሬ ባገኝ እንዴት ላናግር?

ይህን ረዘም አድርጌ ልመልስ። በእኛ ተራሮች ላይ ሰው የሚያድናችሁ ሄሊኮፕተር ሳይሆን እረኛ ነው።

ከሩቅ ሰላም በሉ። ኮፍያና ጥቁር መነጽር አውልቁ። ሕፃን እረኛ በድንገት ከጭጋግ የወጣ፣ ፊቱን የሸፈነ ሰው ሲያይ ይሸሻል፤ ውሻውን ግን ትቶላችሁ ነው የሚሄደው። ውሻ ከመጣ አትሩጡ። ቁሙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ እንደምታነሱ አስመስሉ፣ «ውሻ ያዙልኝ!» በሉ። ቤት ስትጠጉም እንደዚያው ነው። ከአጥሩ ውጪ ቆማችሁ «ቤቶች! ውሻ ያዙ!» ሳትሉ እንዳትገቡ።

መንገድ ስትጠይቁ ደግሞ አጠያየቃችሁን አስተካክሉ። ጉና አጠገብ ያለችውን የክምር ድንጋይ ከተማ ፈልጋችሁ «ይሄ መንገድ ክምር ድንጋይ ያደርሳል?» ካላችሁ መልሱ «ያደርሳል» ነው። እንግዳን «አያደርስም» ብሎ ማሳፈር ደስ አይልም፤ ደግሞስ ዞሮ ዞሮ የማያደርስ መንገድ የት አለ? «አባቴ፣ ክምር ድንጋይ በየት በኩል ነው?» በሉና በዱላው እስኪያሳያችሁ ጠብቁ። ርቀትም እንደዚሁ ነው። «ቅርብ ነች፣ እዚህች ማዶ ናት» ሲባል አትዝናኑ። በየሳምንቱ ገበያ በእግሩ ለሚሄድ ሰው የቀረበው ነገር ለእናንተ ግማሽ ቀን ነው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ እደርሳለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያኔ ከእግር እስከ ራሳችሁ ይቃኛችሁና እውነቱን ይነግራችኋል።

ሕፃን ልጅን ብር ሰጥታችሁ መንገድ እንዲመራችሁ ከከብቶቹ አትለዩት። ወደ ትልቅ ሰው እንዲያደርሳችሁ ብቻ ጠይቁት።

ቢመሽብኝስ?

መጀመሪያ የሚመሽበትን ሰዓት እወቁ። በዚህ አካባቢ ፀሐይ በኅዳር 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ በሐምሌም ቢሆን ከምሽቱ 1 ሰዓት አታልፍም። ከጠለቀች በኋላ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ይጨልማል። እንግዲህ 11 ሰዓት ሆኖ ቤት ከታያችሁ ወደ ቤቱ ሂዱ። «ትንሽ ልሞክርና» አትበሉ።

እንግድነት መጠየቅ የሚያሳፍረው የከተማ ልጅ ብዙ ነው። ይሉኝታው እዚህም ይመጣል። እስኪ ተዉት። «መሽቶብኝ ነው፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ማለት ያለና የነበረ ነገር ነው። መልሱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ነው። እግር ያጥቡላችኋል፣ ያለውን ያቀርቡላችኋል። አረቄ ሲቀዳ ግን በትሕትና እምቢ በሉ። አረቄ ሙቀት የሚሰጥ ይመስላል እንጂ የቆዳን ደም ሥር ከፍቶ የሰውነትን ሙቀት ያስወጣል። በብርድ ለተመታ ሰው የሚሻለው የሞቀ ሻይ በብዙ ስኳር ነው።

ቤት ከሌለስ? ከነፋስ ተከለሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከባሕር ዳር ጉና አናት ድረስ ያለውን ከቆጠራችሁት ልዩነቱ ወደ 14 ዲግሪ ይጠጋል፤ ነፋሱ ሳይጨመር ማለት ነው። ትልቅ ድንጋይ ከጀርባችሁ አድርጉ። መሬቱም ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ ጓሳ አጭዳችሁ ወፍራም አድርጋችሁ አንጥፉ። ቦርሳውን ባዶ አድርጋችሁ ተቀመጡበት። የረጠበ ልብስ ካለ በደረቅ ቀይሩ። ሸለቆ ውስጥ አትውረዱ፤ ቀዝቃዛ አየር ማታ ወደ ታች ነው የሚተኛው። ሁለት ከሆናችሁ ተጠጋጉ፤ ይህ የማፈሪያ ጊዜ አይደለም።

የምትፈሩት መንቀጥቀጡን አይደለም። መንቀጥቀጥ ሰውነት እየሠራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። አንደበቱ የተሳሰረ፣ እጁ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው፣ መንቀጥቀጡን አቁሞ «ደህና ነኝ፣ እንቅልፍ ብቻ ነው» የሚል ሰው ካለ ያ አደጋ ላይ ነው።

ጅብ አይበላኝም?

ጅብ በአብዛኛው ከነቃና ከሚንቀሳቀስ ሰው ይርቃል። ብርሃን አሳዩ፣ ድምፅ አሰሙ፣ ቆማችሁ ታዩ። ማታ ተራራ ላይ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ብርዱና ገደሉ ነው። ሰው ጅብ ፈርቶ በጨለማ ሲሮጥ ነው የሚወድቀው።

ነጎድጓድ ቢመጣ?

ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ከብቸኛ ዛፍ ራቁ፣ ተራርቃችሁ ተቀመጡ። የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ አናቱን ጠዋት ጨርሱት።

የጠፋው ጓደኛችን ነው። እኛ ምን እናድርግ?

እዚህ ላይ ነው ቡድን የሚፈተነው። መጀመሪያ የሚመጣው ጭቅጭቅ ነው። «አንተ ነበርክ ከሱ ጋር!» «አይ፣ እሷ ናት!» ያን ለማታ አቆዩት።

ቁሙና ተቆጠሩ። ማን መጨረሻ አየው? የት? በስንት ሰዓት? ምን ለብሶ ነበር? እዚህ ላይ የስልክ ፎቶ ይረዳል። የመጨረሻውን የጋራ ፎቶ ክፈቱ። ሰዓቱ አለ፣ የለበሰው ጃኬት ቀለም አለ፣ ከጀርባ ያለው ኮረብታም አለ። ከአፍ ወሬ ይልቅ እሱን እመኑ። ሰማያዊ ጃኬት ነበር ብሎ አምስት ሰው ሲምል ፎቶው ላይ ጥቁር የሆነበት ጊዜ አለ።

ከዚያ ተከፋፈሉ። ሁለት ሰው በመጡበት መንገድ ይመለስ። ሁለት ሰው መጨረሻ በታየበት ቦታ ይቀመጥ፤ ከዚያ አይነሳም። ሌላው መንገድ ወደሚገናኝበት ወይም ወደ መኪናው ይውረድ። ብቻውን የሚላክ የለም፤ አለዚያ ፈላጊው ሌላ የሚፈለግ ይሆናል። መመለሻ ሰዓት ቁረጡ፣ አገኙትም አላገኙትም በዚያ ሰዓት ይመለሱ። ሲጠሩ ሁሉም በአንድነት ይጥራ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሙሉ ሁሉም ዝም ይበል።

ሾፌሩን አትርሱት። ሚኒባሱ ከቆመበት እንዳይነቃነቅ። ከመሸ ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ መብራት ያብራ፣ በየአምስት ደቂቃው ጥሩንባ ይንፋ። ከላይ ላለ ሰው ያ መብራት ብዙ ነገር ነው።

ለአካባቢው ሰው ቶሎ ንገሩ። የቀበሌው ሊቀመንበርና ሚሊሻዎቹ የትኛው ሸለቆ ሰው እንደሚያታልል ያውቁታል። ገና ስትደርሱ ብር አታውጡ፤ ሰው ጠፋ ተብሎ ሲነገራቸው ለሰው ብለው ነው የሚወጡት። ምስጋናው በኋላ ይደርሳል። ፖሊስም ዘንድ «24 ሰዓት ይሙላ» የሚባለውን የፊልም ወሬ ተዉና ከቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ካልተገኘ አስታውቁ። ሰው መጎዳቱን ካወቃችሁ ደግሞ ወዲያው ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ አምቡላንሱ ግን አስፋልት ድረስ እንጂ ተራራ አይወጣም። ሸክሙ የሰው ትከሻ ነው፤ በቃሬዛ።

ቤተሰብ? ፌስቡክ ላይ ከማየታቸው በፊት ከእናንተ ይስሙ። አንድ ረጋ ያለ ሰው ይደውል። እናቱ ጋ ሳይሆን መጀመሪያ ወንድም ወይም አጎት ጋ።

ራሱን ያመመው ሰው «እዚሁ ልረፍና ስትመለሱ አግኙኝ» ቢልስ?

እምቢ በሉት። ከ2,500 ሜትር በላይ የከፍታ ሕመም ይጀምራል። ጠዋት ጣና ዳር የነበረ ሰው ቀትር ላይ 4,000 ሜትር ሲደርስ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ቢመጣበት አይገርምም። ሲብስ ሰውየው ይደናገራል፣ እንደሰከረ ሰው ይወላገዳል። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን ከተተወ ካስቀመጣችሁት ቦታ ተነስቶ ይሄዳል፣ ለምን እንደተነሳም አያውቅም። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሌላ ሰው አብሮት ይውረድ፤ ብቻውንም አትላኩት፣ ብቻውንም አትተዉት። «እኔ አናቱን ሳላይ?» የሚል ካለ አናቱ የትም አይሄድም።

ጾም ላይ መሄድ ችግር አለው?

ሳይናገሩ መሄድ ነው ችግሩ። ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በሁዳዴ፣ እስከ ቀትር ምግብም ውሃም ያልቀመሰ ሰው ዳገት ላይ ይዝላል። ጾመኛ መሆናችሁን ለቡድኑ ንገሩ፣ መሃል ላይ ሂዱ። ከተቻለ ቀኑን ቀይሩት።

ዘጌም ላይ ሰው ይጠፋል?

ይጠፋል፤ ግን ቀላል ነው። የቡናው ጫካ ውስጥ መንገዱ ሁሉ ይመሳሰላል። ሰው ወደ አንዱ ገዳም ሲያቀና ሌሎቹ ወደ ሌላው ይሄዳሉ። ቁልቁል ከወረዳችሁ ግን ውሃ ዳር ትደርሳላችሁ፣ ውሃ ዳር ደግሞ ሰው አለ። የሚያስቸግረው ጀልባው ነው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲነሳ ባለ ጀልባው መቸኮል ይጀምራል። የመነሻ ሰዓቱን ከመውረዳችሁ በፊት ጠይቁት፣ ስልኩንም ያዙ።

መንገድ መሪ የግድ ነው?

ስሜን ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ደባርቅ ተመዝግባችሁ ስካውት (የፓርኩን የታጠቀ አጃቢ) ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ጉናና ጮቄ ላይ ግን ማንም ላያስገድዳችሁ ይችላል፤ ግን ያዙ። መሪዎቹ ሁለት ይሁኑና አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከሁሉም ኋላ ይሂድ። ኋለኛው ከፊተኛው በላይ ያስፈልጋል፤ ማንም ከእሱ ኋላ አይቀርምና። ፍጥነቱ የሚለካው በመጨረሻው ሰው ነው። መንገድ በተሰነጠቀ ቁጥር ሁሉም እስኪደርስ ቁሙ፣ ተቆጠሩ። ደግሞ ስትቆሙ ኋለኞቹ እንደደረሱ ብድግ አትበሉ፤ እነሱም ይተንፍሱ እንጂ!

ምን ልያዝ?

ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ ደረቅ ሹራብ፣ ውሃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ ፓወር ባንክ። ከዝርዝሩ ይልቅ የት እንደሚቀመጥ ይበልጣል። ብዙ ቡድን በቅሎ ይከራይና ቦርሳውን ሁሉ በቅሎዋ ላይ ይጭናል። በቅሎዋ ከፊት ናት። የተለየው ሰው ከኋላ ነው። ጃኬቱም፣ ውሃውም፣ ባትሪውም ከፊት ሄዷል። ከላይ የጠራኋቸው ነገሮች በየራሳችሁ ጀርባ ላይ ይሁኑ። በቅሎዋ ድንኳኑንና ድስቱን ትሸከም።

ተገኘ። ከዚያስ?

የረጠበውን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ የሞቀና የጣፈጠ ነገር ስጡት። እጅ እግሩን አትሹት። የሚደናገር ከሆነ ወይም ከወደቀ፣ «ደህና ነኝ» ቢልም ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በጉና በኩል ከሆናችሁ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አለ። ወቀሳውን ሰው ፊት አታድርጉት። ያን ቀን በሰው ፊት የተወቀሰ ሰው በሚቀጥለው ጉዞ «ቆዩኝ» ለማለት ጭራሽ ያፍራል።

ከዚያ የተነገራቸውን ሁሉ በየተራ አሳውቁ። ወደኋላ የሄዱት ሁለቱ፣ የቀበሌው ሰዎች፣ ፖሊስ፣ ቤተሰብ። መኪና ውስጥ ገብቶ መተቃቀፍ ሲጀመር ይህ ይረሳል። ገበሬዎቹ ግን ባትሪ ይዘው ማዶ ሸንተረር ላይ ገና እየተጣሩ ነው። አንድ ሰው ይሂድና ይንገራቸው፤ እነሱ ሳይወርዱ ሚኒባሱ አይነሳ።